ሰኞ ማክሰኞ

ሐምሌ 14። ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው የግራ እግሬ ጅማት (አኪለስ) ኦፕራሲዮን ከተደረገ ስድስት ወር ሞላኝ።

ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ግድግዳ ተደግፌ በግራ እግሬ ብቻ ጣቴ ላይ ለመቆም ሞከርኩ። ተረከዜ ተነሳ። ምን ያህል? ከሥሩ ወረቀት ያልፋል፣ እርሳስ አያልፍም። በቀኙ 25 ጊዜ እየቆጠርኩ እሠራለሁ፤ በግራው ለአንዲቷም ላብ ያጠምቀኛል።

ጥር ላይ ነው፣ በ41 ዓመቴ ከጎረምሶች ጋር ኳስ ስጫወት። ልሮጥ ስነሳ አንዱ ከኋላ የጠለዘኝ መሰለኝ። «ማነው?» ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልሄድክ ብላ ነበር። ሐኪሙ በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቅ አደረገ። ቀኙን ሲጨምቅ እግሬ ወደ ታች ዘንበል አለ። ግራውን ሲጨምቅ ዝም። በቃ፣ ጅማቱ ተበጥሷል።

አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቤ ብራያንት በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይኸው ጅማት ተበጥሶበት ሁለቱን የቅጣት ውርወራ አስገብቶ ነው የወጣው። እኔ በሁለት ሰው ትከሻ ወጣሁ።

ክራንቹና ያ ግዙፍ ቡት አለፉ። ቡቱ ውስጥ ከተረከዜ ሥር የተደረደሩት ለስላሳ ንጣፎች አንድ በአንድ ሲወጡ እያንዳንዷ ቀን በዓል ነበረች። ቡቱ ሲወልቅ ግን ባቴን አይቼ ደነገጥኩ። ቀልጧል። አሁንም ሱሪዬ በግራ በኩል ሰፊ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ሰው መውጣቱ የሚከብደኝ ይመስለዋል። የሚከብደውስ መውረዱ ነው! አንዱ እግር ወደ ታች ሲሄድ ከላይ የቀረው ባት ሙሉ ክብደትህን ይዞ ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት። የእኔው አይለቅም፣ ይጥላል። ለወራት ሁለት እግሬን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እያገናኘሁ እንደ ሕፃን ወርጃለሁ። የጎረቤት ልጆች እየዘለሉ ያልፉኛል።

ሚዛን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ዓይንህን ጨፍንና በግራህ ቁም» ስትለኝ ምን አላት ብዬ ነበር። ሦስት ሰከንድ! ቁርጭምጭሚት የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገረው ራሱ ነው አለችኝ፤ ወራት ታስሮ ሲቆይ ወሬ ማቀበሉን ይረሳል። አሁን ጥርሴን የምቦርሸው በአንድ እግሬ ቆሜ ነው። ባለቤቴ «ሽመላ» ትለኛለች።

ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ልጄ ኮሪደሩ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሠራች። ሰባት ዓመቷ ነው። በአንድ እግሯ ዘላ ጨረሰችና «አባዬ፣ ተራህ» አለች። በግራዬ ቆምኩ። ለመዝለል ባቴን አዘዝኩት። ጉልበቴ ታጠፈ፣ እጄ ተወዛወዘ፣ እግሬ ግን ከሰኞ አልተነቃነቀም። ይበጠስ ይሆን ብዬ ነው፣ ዕውነቱን ለመናገር።

እያየችኝ ቆየች። ከዚያ በቁም ነገር፣ «እሺ፣ ላንተ በሁለት እግር ይቻላል። እስከ ቅዳሜ ብቻ ግን» አለችኝ።