ሦስት ሳምንት የበላብኝ ሳጥን

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ሥራ በሴረም (ከረጋ ደም በሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ያሉ አሚኖ አሲዶችን ያለ ማትሪክስ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ናሙናውን በሌዘር አስነሥቶ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ መለካት ነበር። የሌዘሩን ኃይል ተቀብሎ ናሙናውን የሚያስነሣው ማትሪክስ ለትልልቅ ፕሮቲኖች እጅግ ቢጠቅምም፣ ራሱም ፒክ (በውጤቱ ግራፍ ላይ በሞለኪውሉ ክብደት ቦታ የሚቆም ጫፍ) ስለሚያወጣ ትናንሾቹን ሞለኪውሎች ይሸፍናል። የአርጊኒን (የአንዱ አሚኖ አሲድ) ፒክ በ175 ሲወጣ፣ የተለመደው ማትሪክስ በ172 እና በ190 ግራና ቀኝ ይከበዋል። በ1999 ይፋ የሆነው ዘዴ ግን ማትሪክሱን ባለ ቀዳዳ ሲሊከን ይተካዋል፤ እኔም ሐሳቡን ይዤ ገጹን ከእሳት ራት ዓይን ቀዳሁ። ይህ ዓይን ብርሃን እምብዛም የማያንጸባርቀው ከብርሃን ሞገድ ባነሱ ጉብታዎች ስለተሸፈነ ነው። ሲሊከኑም በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድና በኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) ሲበላ ተመሳሳይ ጉብታ ያወጣና ጠቁሮ የ337 ናኖሜትሩን ሌዘር ይውጠዋል። ጠብታው ጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውሃ ተሰብስቦ እንዲቆም ደግሞ የፍሎሪን ውህድ ቀባሁት። ይህ ሁሉ በሁለት ቀን አለቀ።

የጎዳኝ ማስቀመጫው ነው። የቤተ ሙከራው መመሪያ ያለቁት ቺፖች (የሲሊከን ቁራጮቹ) ወለሉ ተለጣፊ የሲሊኮን ላስቲክ በሆነ ሳጥን ይቀመጡ ይላል፤ ታዘዝኩ። ከሳምንት በኋላ በ207፣ በ281፣ በ355 እና በ429 ያማሩ ፒኮች መጡ። ከሴረሙ የወጡ የስብ ስብርባሪዎች መስለውኝ ለአማካሪዬ በደስታ አሳየሁ። ልዩነታቸው ሁልጊዜ 74 መሆኑን፣ ይህም የሲሊኮን ላስቲክ የሚገነባበት የሲሎክሴን ቁራሽ ክብደት መሆኑን፣ በመጀመሪያው ቀን ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ምንም ያልነካውን ባዶ ቺፕ በሌዘር የመታሁት ከአሥር ቀን በኋላ ሲሆን፣ እነዚያው ፒኮች ይበልጥ ጎልተው ወጡ።

በሜታኖል አጠብኩት፤ አልለቀቀም። በኦክስጅን ፕላዝማ ሳጸዳው ፒኮቹ ጠፉ፤ ነገር ግን ፕላዝማው ሲሎክሴኑን ወደ ሲሊካ ለውጦ እዚያው ይተወዋል፣ የፍሎሪኑንም ሽፋን ያቃጥለዋል። ጠብታው ተንጣለለ፣ አርጊኒኑም አብሮ ጠፋ። ለኃላፊው ባመለክት «በዚህ ሳጥን ለዓመታት ስንሠራ ኖረናል» ተባልኩ። እውነት ነው፤ ለማይክሮስኮፕ ሥራ ያ ስስ ሽፋን አይታይም፣ ለእኛ መሣሪያ ግን ከናሙናው ይበልጥ ይጮኻል። መመሪያው እስካሁን አልታረመም።

ስለዚህ መመሪያውን ትታችሁ ቺፑን በታጠበ የመስታወት ሳህን አስቀምጡ፤ ከተቻለም በተሠራበት ቀን ተጠቀሙበት። ከየናሙናው በፊት ባዶውን ምቱ። የተበከለውን ለማጽዳት አትድከሙ፣ ጣሉት፤ እኔ አሥራ አራቱን ጣልኩ። በማግስቱ በተሠራው ቺፕ ላይ 175 ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ ቆሞ አየሁት።