ኩባያው ጋ ደረስኩ

በወር እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። በቀን 25 ገጽ። ሁለት ወር ከሳምንት ፈጀብኝ።

መጽሐፉ የሀንያ ያናጊሃራ «አ ሊትል ላይፍ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ሆነ። ከ700 ገጽ በላይ ነው። ኮሌጅ አብረው የተማሩ አራት ጓደኛሞች ኒውዮርክ ላይ ኑሮ ይጀምራሉ። ዊለም ተዋናይ፣ ጄቢ ሠዓሊ፣ ማልኮም አርክቴክት፣ ጁድ የሕግ ሰው። ቀስ በቀስ ግን ታሪኩ የጁድ ይሆናል። በልጅነቱ የደረሰበትን ግፍ ለማንም አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው የሚኖረው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ራስን መጉዳት በዝርዝር እንዳለበት ግን ሳታውቁ እንዳትጀምሩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነበር። እንዲያውም ትንሽ ደብሮኛል። ግብዣ፣ የቤት ኪራይ፣ የጄቢ ጉራ። ያስቸገረኝ ጊዜው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት የለም፤ የፕሬዚዳንት ስም የለም፤ «ይሄ መቼ ነው?» ብላችሁ የምትይዙት ነገር የለም። ስለዚህ በዕድሜያቸው መቁጠር ጀመርኩ። ደብተሬ ላይ «አሁን 30 ገደማ ናቸው» እያልኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተሳሳትኩ። ማታ አልጋ ላይ ማንበብ ልማዴ ነው። አንድ ሌሊት ከ60 ገጽ በላይ ሄድኩ። በማግሥቱ ሥራ ላይ ፈዝዤ ዋልኩ፤ ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ «ምን አልከኝ?» ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ብቻ ሆነ። ከባድ ቦታ ላይም አላቆምም፤ ጓደኞቹ ተመልሰው ክፍሉ ውስጥ እስኪገቡ፣ አንዱ አንዱን እስኪያሾፍበት ድረስ እገፋለሁ። ይሄ ዘዴ ሠርቶልኛል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ደራሲዋ ደስ የሚል ገጽ ከሰጠችህ ተጠንቀቅ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች።

የጠቀመኝ ትልቁ ነገር ደብተሩ ነው። መጀመሪያ የሰዎችን ስም ነበር የምጽፍበት። ኋላ «ማን ምን ያውቃል?» ወደሚል ዝርዝር ተለወጠ። ሐኪሙ አንዲ የጁድን ቁስሎች ያውቃል፤ መነሻቸውን አያውቅም። ዊለም ኒውዮርክ ውስጥ ሊስፐናርድ ጎዳና ላይ ከጁድ ጋር አንድ መኝታ ክፍል ተጋርቶ ኖሯል፤ ከስሙ ፊት የጻፍኩት ግን ግማሽ መስመር አይሞላም። የማልኮም ቦታ ባዶ ነው። በመቶዎች ገጽ ሄጄ ባዶ ነው።

በዚህ ተናደድኩ። አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ጠይቁት እንጂ!» ብዬ ጽፌአለሁ። በጣም ተጭኜ ስለጻፍኩት ከጀርባው ይታያል።

ኋላ ነው የገባኝ። መጠየቅ ያቃታቸው ስለማይወዱት አይደለም። ከጠየቁት እንደሚሸሻቸው ያውቃሉ። አብሮነታቸው የቆመው ባለመጠየቅ ላይ ነው። እኔም «ደህና ነኝ» ሲለኝ «እሺ» ብዬ ያለፍኩት ሰው አለኝ። ጽሑፉን በላጲስ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ምልክቱ አልጠፋም።

መሃል ላይ ለዘጠኝ ቀን ዘጋሁት። መዝጋቱም አልበቃኝም፤ ጠረጴዛው ላይ በሽፋኑ ደፋሁት። የእኔ ቅጂ ሽፋን ላይ ፒተር ሁጃር እ.ኤ.አ. በ1969 ያነሳው የአንድ ወንድ ፊት አለ። ዓይኑን ጨፍኖ በሥቃይ ውስጥ ያለ ይመስላል። ፎቶው ግን የሥጋ ደስታ እንጂ የሥቃይ አይደለም። ይህን ሳውቅ ይበልጥ ከበደኝ።

የሚገርማችሁ፣ እንባዬ የመጣው ጭካኔው ላይ አይደለም። እዚያ ጥርሴን ነክሼ ነው ያለፍኩት። ያስለቀሰኝ ኩባያ ነው። የጁድ የሕግ መምህር ሃሮልድ ገና በልጅነቱ የሞተበት ልጅ ነበረው፤ ልጁ የሠራው ኩባያ ነበር። ጁድ ሳያስበው ይሰብረዋል። የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል። ሃሮልድ ሲመልስለት ቁጣ የለም፤ ነገር ይሰበራል፣ አንዳንዴ ይጠገናል፣ ሕይወትም ለጎደለው መላ ታበጃለች ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ይህ ሰው ነው ኋላ ጁድን በ30 ዓመቱ በሕግ ልጁ የሚያደርገው። 30 ዓመት! መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ። የማነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «አይዞህ» ነው። ምናለ አንድ ሰው እንዲህ ቢለው አልኩ።

የማይዋጥልኝም አለ። የመጨረሻው ሲሶ ላይ እጄን ተጠምዝዤ እንዳለቅስ የተገደድኩ መሰለኝ። መከራው ይደራረባል፤ ስኬቱም እንደዚያው። አራቱም አንቱ የተባሉ ይሆናሉ፤ አንድ እንኳን ያልተሳካለት የለም። ደራሲዋ ሁሉም ነገር ትንሽ ከልክ ያለፈ እንዲሆን አስባበት እንደጻፈችው ተናግራለች። እሺ፣ አስባበት ይሁን። ማሰቧ ግን ሁልጊዜ አላሳመነኝም። ጄቢ የጁድን አነካከስ እያስመሰለ የሚያሾፍባት አንዲት ትዕይንት ከብዙዎቹ የግፍ ገጾች ይልቅ ጎድታኛለች። ጓደኛ ነዋ።

አሁን ሌላ ቀለል ያለ መጽሐፍ ይዣለሁ፤ እስካሁን 40 ገጽ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ ያለምንም ምክንያት ያሳዝነኛል።

የእኔን ቅጂ ጓደኛዬ ወስዳዋለች። ማታ እንዳታነብ ነግሬአት ነበር። ትናንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልእክት ላከችልኝ፦ «ኩባያው ጋ ደረስኩ።»

«አሁን ዝጊውና ተኚ» አልኳት።

አልተኛችም። ደወለች። ብዙም ሳናወራ ስልኩን ይዘን ቆየን። ከዚያ «ደህና ነሽ?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለችኝ።

«እውነት?» አልኳት።