እጅ ከተማረ በኋላ፦ የስፓይደርማን ልምምዴ እና ከሦስተኛው ክፍል የምመኘው

ላለፉት ሰባት ሳምንታት ማርቭል ስፓይደርማን የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል እንደገና ከመጀመሪያው ይዤዋለሁ። ታሪኩን ከዚህ ቀደም ስለጨረስኩት የአሁኑ ዓላማዬ ሌላ ነው፤ ጨዋታው ተጫዋቹ ሳያውቀው የሚሰጠውን እርዳታ ሁሉ አጥፍቼ፣ ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሃርለም ድረስ እግሬ መሬትም ጣሪያም ሳይነካ በድር ብቻ እየተወነጨፍኩ መድረስ እፈልጋለሁ። ለእናንተ ለመሰል ተጫዋቾች እስካሁን የደረስኩበትን እየጻፍኩ፣ ልምምዱ ራሱ የቀሰቀሰብኝን የሦስተኛ ክፍል ምኞትም አብሬ አስቀምጣለሁ። ከዚህ በታች የታሪኩን መጨረሻ ስለምነካ፣ ሁለተኛውን ክፍል ያልጨረሰ ሰው ጨርሶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ከዚህ ጨዋታ ጋር የተዋወቅሁት ዘግይቼ ነው። ፕሌይስቴሽንን የማውቀው በሰፈራችን በሰዓት እየተከፈለ በሚጫወቱበት ቤት ነበር፤ በዚያ ቤት ከኳስ ሌላ ጨዋታ የሚከፍት ሰው ካለ ተራ የሚጠብቁት በዓይናቸው ያስነሡታል። የካሊፎርኒያው ኢንሶምኒያክ ጌምስ የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ሲያወጣ ለወራት ያየሁት በሰው እጅ ነው። የራሴን መሣሪያ ካገኘሁ በኋላ ግን የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የሁለተኛውን ወጣት ስፓይደርማን የማይልስ ሞራለስን፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ለፕሌይስቴሽን 5 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ሳላርፍ በተከታታይ ጨረስኳቸው።

እርዳታው ያለው በማስተካከያው ገጽ ውስጥ ነው። በድር ስንወነጨፍ አቅጣጫችንን የሚያግዝ፣ ከ0 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ አለ። ጨዋታው ሲከፈት 10 ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይጨርሳል። 10 ላይ ሳለ ስፓይደርማን ወደጠቆምነው አቅጣጫ እሺ እያለ ይታጠፋል፤ ጥፋታችንን ይሸፍንልናል። 0 ላይ ሲወርድ ግን በገመድ ጫፍ እንደታሰረ ድንጋይ ይሆናል፤ ይዞት የመጣውን ፍጥነትና አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም። ከከፍታ ስንወድቅ ጉዳት እንዲደርስብን የሚያደርግ ሌላ ምርጫም አለ፤ እሱንም በዚያው ምሽት ከፈትኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የተካንኩ የመሰለኝ ሰውዬ በታይምስ ስኩዌር አስፋልት ላይ ስንት ጊዜ እንደተፈጠፈጥኩ አልቆጠርኩትም። አጠገቤ የተቀመጠው የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን ይቆጥር ነበር፤ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ሰልችቶት እንቅልፉን ተኛ። ስህተቴ የገባኝ በሦስተኛው ምሽት ነው። በልጅነቱ ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ገመዱ የሚለቀቅበት ቅጽበት ነው። እኔ ድሩን ሁልጊዜ የምለቀው አንድ ቦታ ላይ፣ ሰውነቴ ወደላይ ተነሥቶ ሊቆም ሲል ነበር። እዚያ ላይ የለቀቀ ከፍታ ያገኛል እንጂ ፍጥነት አያገኝም፤ ወደፊት የሚወረወረው ከውዝዋዜው ታችኛው ቅስት ላይ ገና መነሣት ሲጀምር የለቀቀ ነው። ከፍታ ደግሞ እንደተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ቁልቁል በመወርወር ወደ ፍጥነት ይመነዘራል፣ በቀጣዩ ድር ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። ይህ ከገባኝ በኋላ ቀኝ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ መልቀቅ እስኪለምድ ድረስ አሥር ቀን ያህል ፈጀብኝ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የቦታ ትምህርት ሆኑብኝ። በዚህ ጨዋታ ድሩ የሚጣበቀው በእውነት ባለ ነገር ላይ ነው፤ ሰማይ ላይ አይንጠለጠልም። ስለዚህ በማንሃተን መሐል፣ ፎቅ ከፎቅ በተጠጋጋበት ጎዳና፣ እንደ ንጉሥ የሚበር ሰው ሴንትራል ፓርክ ሲገባ ዛፍ ለዛፍ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ሁለተኛው ክፍል የጨመራቸው ኩዊንስና ብሩክሊን ደግሞ ሰፋፊ የመኖሪያ ሰፈሮች ስላሏቸው፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች መካከል ፍጥነትን ማቆየት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በነገራችን ላይ በመጀመሪያው ክፍል አቅጣጫ ሲጠፋኝ የምፈልገው የክራይስለርን ሕንፃ ነበር፤ ከማይልስ ክፍል ጀምሮ ሕንፃው ከጨዋታው ከተማ ስለጠፋ አሁን የምመራው በኤምፓየር ስቴት ነው። ቢመለስ ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብዙ አልሟገትም።

ዋናው ቅሬታዬ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ያን ሁሉ ምሽት የፈጀሁበትን ነገር ጨዋታው አላወቀልኝም። በሁለተኛው ክፍል የጠላታችን የክሬቭን አዳኞች የሚልኳቸውን ድሮኖች ስናሳድድ፣ እርዳታውን 10 ላይ አድርጎ የተከተለና 0 ላይ አድርጎ የተከተለ ሰው በጨዋታው ዓይን አንድ ናቸው፤ ሽልማታቸውም አንድ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ታስክማስተር የሚባለው ቅጥረኛ በየሰፈሩ የበተናቸው ፈተናዎች ነበሩ፤ ድሮን መከተል፣ ጊዜ ሳያልቅ ከቦምብ ወደ ቦምብ መድረስ፣ በመጨረሻም እንደ ችሎታችን ደረጃ መቀበል። ብዙ ሰው እየተነጫነጨ ቢጫወታቸውም፣ እጅ ለተማረው ነገር ሥራ የሚሰጡ እነሱ ነበሩ። ከሦስተኛው ክፍል አስቀድሜ የምመኘው ይህንኑ ነው። ከተማው እጥፍ ይሁን አልልም፤ ያለው ከተማ ከተጫዋቹ የሚጠይቀው ይጨምር። ነፋስ የሚያስቸግርበት ቀን፣ መብራት የጠፋበት ሰፈር፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ መካከል በጠባቡ ማለፍን የሚጠይቅ ማሳደድ ይኑር፤ እርዳታውን የቀነሰ ሰውም የቀነሰበት ይታወቅለት። እርዳታው የሚያስፈልገው ተጫዋች እንዳለ አውቃለሁ፤ የማስተካከያው ገጽ እንዲህ ሰፊ መሆኑም ከስቱዲዮው መልካም ሥራዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲጨመር ሌላው መነካት የለበትም።

በውጊያ በኩል የምለው አጭር ነው። ሁለተኛው ክፍል ያመጣው መመከት ጥሩ ነገር ነው፤ ስፔክታኩላር በሚባለው የክብደት ደረጃ ላይ፣ የትኛው ምት የሚመከት የትኛውስ የሚሸሹት ብቻ እንደሆነ ለመለየት ሳምንት ሙሉ ተደብድቤያለሁ፤ አልቆጨኝም። የሚናፍቀኝ ግን በመጀመሪያው ክፍል የነበረው ወጥመድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፈነው ዞር ስንል በአጠገቡ ያለፈውን ወንበዴ ድር ተፈናጥሮ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀው ነበር። አስቦ አድፍጦ ለሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ይመለስለት።

አሁን ስለ አንድ አነስተኛ ተልእኮ ልናገር፤ ምኞቴን ሁሉ የያዘው እሱ ነውና። በመጀመሪያው ክፍል ሃዋርድ የሚባሉ ቤት የሌላቸው አዛውንት 12 የጠፉ እርግቦቻቸውን እንድናመጣላቸው ይልኩን ነበር። በሁለተኛው ክፍል እኚሁ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ የሚጠይቁን እርግቦቻቸውን ወደ አዲስ ማደሪያቸው እንድንወስድላቸው ብቻ ነው። የሚደበደብ ሰው የለም፣ የሚቆጠር ሰዓት የለም። የድር ክንፋችንን ዘርግተን ከወፎቹ ጋር በከተማው ላይ እንበራለን፤ ነፋሱና ሙዚቃው ብቻ ይሰማሉ። ያን ቀን የእህቴ ልጅ ነቅቶ ነበር። ጨዋታው የአማርኛ ጽሑፍ ስለሌለው ንግግሩን ሁሉ ድምፄን እየቀየርኩ የምተረጉምለት እኔ ነኝ፤ ሃዋርድንም ከመጀመሪያው ጀምሮ «አባባ እርግቡ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ወፎቹን አድርሰን ስንመለስ አዛውንቱ በተቀመጡበት አርፈዋል። ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «አጎቴ፣ አባባ ተኝተው ነው እንዴ?» አለኝ። የምተረጉመው ንግግር ስላልነበረ እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ተልእኮ ደግሜ ሳስበው ያስገረመኝ፣ የሚያዝን ታሪክ በመሆኑ ብቻ አይደለም። መብረርን፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ በላይ የምንወደውንና እጃችን የተማረውን ነገር፣ ለአንድ ሰው ጉዳይ አዋለው። ሌላው የጎን ተልእኮ አብዛኛው መብረርን እንደ መንገድ ብቻ ይቆጥረዋል፤ ወደ ቦታው እንበራለን፣ ስንደርስ እንደባደባለን። ሦስተኛው ክፍል እንደ ሃዋርድ ያሉ አምስት ስድስት ሰዎች ቢኖሩት፣ በየመንገዱ የሚደጋገመውን የመኪና ስርቆትና የዝርፊያ ጥሪ በግማሽ ቢቀንሰው አልከፋም።

ዋናው ታሪክ ላይ የምፈራው ጥድፊያን ነው። በመጀመሪያው ክፍል ዶክተር ኦቶ ኦክታቪየስ ጠላት ከመሆኑ በፊት ለረጅም ጊዜ አለቃችን ነበር። ወደ ቤተ ሙከራው እየተመላለስን የኤሌክትሪክ መስመሮቹን አንድ በአንድ አገናኝተንለታል፤ ሊሠራ የተነሣውን ሰው ሠራሽ ክንድ በእጃችን ረድተነዋል። በኋላ እነዚያ ክንዶች ወደ እኛ ሲዞሩ የተሰማን ሕመም ከዚያ የመጣ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሃሪ ኦስቦርንን በጓደኝነት አስጀምሮ ጥሩ መሠረት ጥሎ ነበር፤ ሆኖም ሃሪ የሚለወጥበት ጭራቅ፣ ቬኖም፣ የመጣው ታሪኩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው፤ እኛ ራሳችን እሱን ይዘን የምንጫወትበት አንድ አስደናቂ ክፍል ታየና ወዲያው ከተማው ተጥለቅልቆ ፍጻሜው ደረሰ። ቶኒ ቶድ ለቬኖም የሰጡት ያ ከባድ ድምፅ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይገባው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አርፈዋልና ደግመን አናገኘውም።

አሁን የሃሪ አባት ኖርማን ኦስቦርን በልጁ አልጋ አጠገብ ቆሞ የጂ ሴረም የሚባለው እንዲዘጋጅ አዝዟል፤ ኦክታቪየስም በእስር ቤት ሆኖ እየጻፈ ነው። ሁላችንም ኖርማን ግሪን ጎብሊን የሚባለው ጠላት ሆኖ እንደሚመጣ እናውቃለን። የምለምነው አይቸኩል ብቻ ነው፤ ጭምብሉን ከማጥለቁ በፊት ልጁ ሞት አፋፍ ላይ ያለበትን አባት እንየው፤ ለእሱም አንድ ነገር በእጃችን እንሥራለት። የመጀመሪያው ስፓይደርማን ፒተር ፓርከር ልብሱን ለጊዜው ሰቅሎ ከተማውን ለማይልስ ስላስረከበ፣ ሦስተኛው ክፍል በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰበብ ፈልጎ ፒተርን ወደ መሐል እንዳይመልሰው እፈልጋለሁ። ማይልስ በሁለተኛው ክፍል የአባቱን ገዳይ ማርቲን ሊን ፊት ለፊት ገጥሞ በቀሉን ትቷል፤ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚሆን አንድ ድርሰት መጻፍ አቅቶትም ሲታገል አይተነዋል። አሁን ዋና ባለታሪክ መሆን የሚችል ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ብቅ ያለችው ሲንዲ ሙንም ከእሱ ጋር ትደግ እንጂ ለቁጥር ማሟያ ብቻ አትጨመር።

ጥቃቅኑን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። ጨዋታውን ያገኘነውን ችሎታ ይዘን ከመጀመሪያው የምንጀምርበት ምርጫ በሁለተኛው ክፍል የመጣው ጨዋታው ከወጣ ከወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ነበር፤ ቀጣዩ ከመጀመሪያው ቀን ይዞት ይምጣ። የመጀመሪያው ክፍል ከወጣ በኋላ ሦስት ተጨማሪ የታሪክ ምዕራፎች ተከትለውት ነበር፣ ሁለተኛው አንድም አላገኘም፤ ይህም ይታሰብበት። ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው የዎልቨሪን ጨዋታ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አለ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከፋይናንሻል ዲስትሪክት ተነሥቼ ሳልነካ ሴንትራል ፓርክ ደቡባዊ በር ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ በፓርኩ ዛፎች ላይ ሦስት ጊዜ፣ በምዕራቡ ጠርዝ ባሉት ሕንፃዎች በኩል ዞሬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በጠርዙ በኩል ያለው መንገድ ይረዝማል፤ ነገር ግን ፎቆቹ ድር ይይዛሉ፤ ከፓርኩ ጫፍ ላይ በቂ ከፍታ ይዤ ቁልቁል ከተወረወርኩ ሃርለም የምደርስ ይመስለኛል። ቅዳሜ ማታ እሞክረዋለሁ፤ የሚቆጥረው ልጅ ትምህርት ስለሌለው ማምሸት ተፈቅዶለታል።