የቴሌግራም ግሩፓችን እንዴት መማሪያ ሆነ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ከተማሪዎቼ ጋር የምንገናኘው በቴሌግራም ነው። ከባድ ፒዲኤፍ ይሸከማል፤ ስልክ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉ አይጠፋም።

መጀመሪያ ቻናልና ግሩፑን ለየሁ። ቻናሉ ላይ የምለጥፈው እኔ ብቻ ነኝ፦ ሀንድአውት፣ የፈተና ቀን፣ የክፍል ለውጥ። ጥያቄው በሙሉ ግሩፑ ላይ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሀንድአውቱ በ«እሺ መምህር» እና በስቲከር ይቀበራል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የትምህርት ጥያቄ በውስጥ መስመር አለመቀበሌ ነው። ያፈረ ለክፍል ተወካይ ይልካል፤ እሱ ያለ ስም ይለጥፍለታል። እኔም ቶሎ አልመልስም። ለተማሪዎቹ ጊዜ እሰጣለሁ።

አንድ ምሽት አንዲት ተማሪ የናሙና ቫሪያንስ (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካ) በእጇ ሠርታ ፎቶውን ለጠፈች። መልሷ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ብሏታል። አንዱ «ለናሙናው ብዛት አታካፍዪ፣ አንድ ቀንሺ» አላት። ሌላው ደግሞ «ለምን ግን?» አለ። ይሄ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም! ክርክሩ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ ገብቼ አስረዳሁ፦ ከአማካዩ ያሉት ልዩነቶች ተደምረው የግድ ዜሮ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሌሎቹ ከታወቁ የመጨረሻው ልዩነት አብሮ ይታወቃል፣ ነፃ አይደለም። የምናካፍለው ነፃ ለሆኑት ብዛት ነው፤ አንድ የምንቀንሰው ለዚህ ነው። ቀመሩን ብቻ ብነግራቸው ኖሮ እዚያ ጥያቄ ላይ አንደርስም ነበር።

የቴሌግራም ኩዊዝ ለልምምድ ጥሩ ነው። ነጥብ ግን አልይዝበትም። ጥቅል ያለቀበት ተማሪ ለምን ይቀጣል? ውጤትም ግሩፕ ላይ አልለጥፍም።

ሴት ተማሪዎች ከግሩፑ ስልክ ቁጥራቸው ተወስዶ ሲረበሹ አይቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሴቲንግ ገብተው ቁጥራቸውን ከማንም እንዲደብቁ አደርጋለሁ። ይሄንን ሌሎች መምህራንም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ደግሞ በቴሌግራም ብቻ መተማመን አይቻልም። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ አገልግሎቱ ተገድቦ ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። እስካሁን የእያንዳንዱን ሀንድአውት አንድ ቅጂ ግቢ በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጣለሁ።

ሴሚስተር ሲያልቅ ግሩፑን አልዘጋውም። መውጫ ፈተና ሲቃረብ የድሮ ተማሪዎች ተመልሰው የቆዩ ጥያቄዎችን ይፈልጉበታል፤ አንዳንዶቹም ለአዲሶቹ መልስ ይሰጣሉ።