ጠገራ ብሬን ያስቀረው 1780

ተወልጄ ወዳደግኩባት አዲስ አበባ ለእረፍት ስሄድ ያሰብኩት የእናቶቻችን ዘመን ቀሚስና የብር ጌጥ ገዝቼ ለመመለስ ነበር። ልብሱ ብዙ አላደከመኝም። አሮጌ ቀሚስ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ አትድከሙ፤ እዚያ የሚሸጠው አዲስ ነው። አሮጌው ያለው በሰው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለእድርተኛ ይነገራል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ሲገኝም ሸማውን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ሸማው ሳስቶ ጥለቱ ደህና ከሆነ አትለፉት፤ ጥለቱ ተቆርጦ በሌላ ቀሚስ ላይ ይሰፋል። በረኪና የበላውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ያንገበገበኝ ጌጡ ነው።

አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት ድሪ አገኘሁ። ባለሱቁ ብሩን በአውራ ጣቱ እየወለወለ፣ «እህቴ፣ ዓመቱን እዪው፤ 1780! ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው» አለኝና ዋጋውን በዚያው ልክ ሰቀለው። 1780 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ምስሏ በጠገራ ብር ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን የተመታው ሳይቀር፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ቁጥሩን ትታችሁ ሌላውን መርምሩ፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፣ ማንጠልጠያው ትንሽ ይጨምርበታል፤ በጠርዙ ዙሪያ የላቲን ፊደላት ጎልተው ይታያሉ፤ ማግኔት አይስበውም። ይህን ስነግረው ሳቅ ብሎ ዋጋውን ቀነሰ፤ ድሪው ራሱ በቅርቡ የተሠራ መሆኑንም አልካደም። ደረሰኙ ላይ ግን የጠቀመኝ መስሎት «የ1780 ጥንታዊ የብር ጌጥ» ብሎ ጻፈ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሿ ድሪውን ከሻንጣዬ አወጣች።

«ይህ ቅርስ ነው። ፈቃድ አለሽ?»

«ቅርስ አይደለም፤ ሥራው አዲስ ነው።»

«ደረሰኝሽ ጥንታዊ ነው ይላል እኮ።»

አለቃዋ ተጠሩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ብሩን አገላበጡና እሳቸውም «1780» አሉ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል። የንግሥቲቱን ሞት አስረዳሁ፣ ጠርዙን አሳየሁ። «እርስዎ የታሪክ ምሁር ነዎት?» አሉኝ። እሳቸውስ? ይህን ግን በአፌ አላወጣሁትም። ባለሙያ ይወስን ተባለ፤ ባለሙያው ሰኞ ነው የሚገባው፣ እኔ የምበርረው ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ታቦት ሰርቃ የተያዘች አስመስሎ ሲያየኝ ላብ አጠመቀኝ።

ሕጉን አልቃወምም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው በምክንያት ነው፤ በ1860 ከመቅደላ ተጭኖ የሄደውን የምናውቅ ሰዎች ነን። የብራና መጽሐፍና አሮጌ መስቀል የሚያባብሏችሁን ሻጮች እኔም አጥብቄ እጠላለሁ። ግን ፍተሻ ላይ የሚቆም ሰው በአገራችን አንገት ላይ ይህን ያህል ዘመን የተንጠለጠለውን ብር እንዴት አያውቅም?

ሊሸኘኝ የመጣው ወንድሜ ድሪውን ተረክቦ በሳምንቱ ለባለሙያ አሳየው። ባለሙያው ጠርዙን አይቶ፣ መዝኖ፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ቆሞ ሳለ ጻፈለት። ድሪው አሁን ወደ እኔ የሚመጣ መንገደኛ እየጠበቀ ነው።

ሁሉም ሰው «ደረሰኝ ያዙ» ይላችኋል። እኔ የምለው፣ የተጻፈውን ከሱቁ ሳትወጡ አንብቡ። ክብደቱ፣ የብሩ ዓይነት፣ ሥራው አዲስ ከሆነም አዲስ መሆኑ ይጻፍ። «ጥንታዊ» የሚል ቃል ካያችሁ አስቀይሩት፤ ሻጩ ዋጋ ለመስቀል የተጠቀመበት ቃል ፍተሻው ላይ በእናንተ ላይ ይመሰክራል። ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጸውን ወረቀትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ መሥሪያ ቤት ክፍት በሆነበት ሰዓት አስጨርሱት።