የአንዲት የማርቆስ ምግብ ቤት ታሪክ እንዴት እንደተሰበሰበ

ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃት ምግብ ቤት አለች። በወራሾቹ መካከል ያላለቀ ጉዳይ ስላለ ስሟን እንዳላነሳ አደራ ብለውኛል፤ አላነሳም። ታሪኳን እንዴት እንደሰበሰብኩ ግን ልናገር። በየከተማችን እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን እያለፉ ነው።

የጀመርኩት ከባለቤቶቹ ነው፤ ሳያስፈቅዱ የሰው ጓዳ መግባት ነውር ነውና። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝና «ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለች ቤት ናት» አሉኝ። እኛ አገር የድንጋይ ግንብና ሰፋ ያለ በረንዳ ያለው ቤት ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው! ጣሊያን ማርቆስ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ገጠሩ በአርበኛ የተያዘ ነበር፤ በቢቸና በኩል እነ በላይ ዘለቀ ነበሩ። በዚያ መሀል ለመንገደኛ ምግብ ቤት ተከፍቶ ከነበረ ደስ ባለኝ፤ ከቤተሰቡ ሌላ ግን የሚመሰክር ሰው አጣሁ።

ቶሎ የገባኝ ነገር ሰውን ዓመተ ምሕረት መጠየቅ እንደማያዋጣ ነው። «በስንት ዓ.ም. ነበር?» ሲባል ይጨነቅና፣ ደስ እንዲልህ ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል። ዋጋ ጠይቀው፤ ያኔ ፊቱ ይፈካል። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ዘንድ ሄጄ «አያ፣ እዚያ ቤት ጥብስ በስንት ይበሉ ነበር?» አልኳቸው። «ዋጋውንስ ረሳሁት፤ የከፈልኩት ግን የጃንሆይ ምስል ባለበት ብር ነው። ደርግ ብሩን ሲቀይር እኔ አሰብ መስመር ገብቼ ነበር» አሉኝ። ብሩ የተቀየረው በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ቤቷ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ነበረች ማለት ነው። ሌላ እናት ደግሞ «በግብሩ ረብሻ ጊዜ ወታደር ሞልቶባት፣ እኛ በዚያ በኩል ማለፍ እንፈራ ነበር» ሲሉኝ ወደ 1960 ዓ.ም. ወረድኩ፤ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣበት ዓመት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሰው በማይረሳው ነገር እየተንጠላጠልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ወረቀት ፍለጋው አሰልቺ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቀበሌ ማኅተም ያለባቸው የኪራይ ደረሰኞች ተገኙ። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቤቶቹን ሲወርስ፣ ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር በታች የሆነውን ለቀበሌ ነው የሰጠው። ስለዚህ ማኅተሙ ብቻውን ሁለት ነገር ይናገራል፤ ቤቱ ምግብ ቤቷን የከፈተችው ሴትዮ እንዳልነበረና ኪራዩም ከመቶ በታች እንደነበር። ከተማው ውስጥ «ደርግ ያቺን ቤት ጎዳት» ሲባል እሰማ ነበር። የተጎዳው አከራይዋ ነው። እሷ በቀበሌ ኪራይ ዓመታት ሙሉ ሠርታ ልጆቿን አስተምራለች፤ እኔ እንደሚመስለኝ ቤቷን ያቆያትም ይኸው ርካሽ ኪራይ ነው።

ሹፌሩ ሌላም ነገር አስረድተውኛል። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 265 ገደማ ናት፤ ከሞላ ጎደል እኩሌታ። ሌሊት የተነሣ መኪና ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ በማርሽ እያቃሰተ ደጀን ሲወጣ ረፍዷል። «ደጀን መኪናው ይቀዘቅዛል፤ ሰው የሚበላው ማርቆስ ነው» አሉኝ። መንገዱ ተሻሽሎ፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይም በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመረቅ፣ አነስተኛው መኪና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማርቆስን ማለፍ ጀመረ። ደግነቱ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። ጥብስ ቤት የነበረችው ሽሮና በያይነት ቤት የሆነችው ያኔ ነው።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን ከወጥ ሠሪዋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ጓዳ የሠራች ሴት ናት፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ሁለት ጭልፋዎች ተሰቅለዋል፤ የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የጾሙ ነው። ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ወጥ ለሚጠይቅ መንገደኛ ለብቻ ድስት ይጣድ ነበርና፣ ጭልፋው እንዳይሳሳት ሟቿ እመቤት ራሷ ናት ያሰረችው አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና አፋቸው የተሸራረፈ ትልልቅ ጋኖች አሳየችኝ። ባለቤቶቹ የውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው ብለውኝ ነበር።

«እንዴ! ውሃ?» ብላ ሳቀች። «ልጄ፣ ይሄ የጠጅ ጋን ነው። እትዬ ከጠጅ ቤት ነው የጀመረችው። ጠጪው ሲርበው ዱለት ሠራችለት፤ ዱለቱ ገበያ ሲያመጣ ጠጁን ተወችው።»

ይህን ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ካጣራሁ በኋላ ወደ ሟቿ እመቤት ልጅ ተመለስኩ። ፊቷ ተለዋወጠ። «እናቴን ጠጅ ሻጭ ብለህ ልትጽፋት ነው?» አለችኝ። ለካ ከጠጅ ቤት ጣሊያን ይሻላል ተብሎ ነው! አልፈረድኩባትም። ጠጅ ቤት የያዘች ሴት ምን ትባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከከተሞቻችን ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ብዙዎቹ ባል የፈቱ፣ ወይም ከገጠር ባዶ እጃቸውን የመጡ ሴቶች በአንድ ጋን ጠጅ ወይም ጠላ የጀመሯቸው ናቸው። ይህን ነገርኳት፤ ዝም አለች። በኋላ ራሷ ደውላ «ጻፈው፤ ግን ዱለቱንም ጨምር» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ለቤተሰቡ ሳታነቡ አታውጡት፤ እምቢ ቢሉ እንኳ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ይሻላል።

የዱቤ ደብተሩን ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው ያገኘሁት። ወር ጠብቀው የሚከፍሉ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ዕለት ዕለት የበሉት ተጽፎበታል፤ ገጾቹ ቅቤ ጠጥተው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በግድ ከመለያየት ፀሐይ ላይ አሙቆ በቀስታ መግለጥ ይሻላል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳሁት። ከመጽሐፍ ይልቅ ስለከተማው ኑሮ የሚናገረው እሱ ነው፤ በወሩ መጀመሪያ ጥብስ፣ በሃያዎቹ ሽሮ፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ። የሰዎቹን ስም ግን አውጥቼ አልጻፍኩም፤ የሰው ዕዳ የከተማ ወሬ መሆን የለበትም። አንድ ወዳጄ ደብተሩ መገኘቱን ሰምቶ ደወለና፣ ከሰላምታም በፊት የጠየቀኝ የአባቱ ሒሳብ ተሠርዞ እንደሆነ ነው። ተሠርዟል፤ ያውም በሁለት መስመር።