ጠዋት የሚያለቅስ ቆርቆሮ

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ጠብ ሲል «ጣሪያው ተበሳ» ብሎ የሚስማር ቀዳዳ የሚፈልግ ብዙ ነው። አልተበሳም። ከተማዋ ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የተኛው ሰው ትንፋሽና የራቱ እንፋሎት እሱ ላይ ውሃ ይሆናል። አራት ሰው ሲያድር ከትንፋሹና ከላቡ አንድ ሊትር ገደማ ይወጣል። ውሃው ኮርኒሱን ያረጥባል፤ ከአልጋ ጀርባ ያለው ግድግዳም ያልበዋል። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። የሻጋታው ዘር አየር ላይ እየተንሳፈፈ አስም ያለበትን ሰው ሕመሙን ይቀሰቅስበታል።

በዚያ ብርድ ሌሊት መስኮት ክፈቱ የሚል ምክር ማንም አይሰማም። ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ፀሐይ ሞቅ ስትል በሩንና ትይዩውን መስኮት አንድ ላይ ለ15 ደቂቃ ክፈቱ፤ አንዱ ብቻ ቢከፈት አየሩ አያልፍም። አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ባናውና ዝተቱ ፀሐይ ላይ ይውጣ፤ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣ። ከሰል ወይም ኩበት ያልጠፋበትን ቤት ግን በሌሊትም መዝጋት ይገድላል።

ሻጋታውን በደረቁ በመጥረጊያ ከነካችሁት ዘሩን በትናችሁታል። አርጥባችሁ በሳሙና ፈትጉ። ሲሚንቶ ከሆነ ቀጥሎ በ4 ሊትር ውሃ አንድ ብርጭቆ በረኪና ቀቡት፤ በረኪናን ከአሲድ ጋር ማቀላቀል መርዝ ጋዝ ያወጣል። ጭቃ ግድግዳ ላይ በረኪና ድካም ነው፦ ላዩን ያነጣዋል፣ ውስጡ ይቀራል። የተበላውን ምርጊት አራግፉ፣ ይድረቅ፣ እንደገና መርጋችሁ ኖራ ቀቡ። የጣሪያው ጠፈጠፍ የግድግዳውን እግር የሚመታ ከሆነ ግን ሻጋታው በክረምት ይመለሳል፤ ቦይ ቆፍሩለት።

ገጠር ላይ ከግድግዳው የሚብሰው ለከብት የሚከመረው ድርቆሽ ሣር ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ሳይወርድ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ ግሎ ይሻግታል። ሲበተን የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ገብቶ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ሳል፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል። ጠዋት ለበግ ድርቆሽ የበተነ ሰው ከቀትር በኋላ ሲያመው «ምች ነው» የሚባለው ይህ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች የገበሬ ሳንባ ይሉታል፤ ከተደጋገመ ሳንባውን ያደርቀዋል፣ ጠባሳም ይተውበታል። ድርቆሹ ሰው ከሚተኛበት ይለይ፤ ደጅ፣ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ይፈታ። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ያን ብናኝ አያስቀረውም፤ ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 ጭምብል ያስፈልጋል።